የጎረቤት ወሰንና የጎረቤት ሕዝብ

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ዳሩ ግን ጎረቤት የገዛ ቤተ ሰቡን የሚፈጅ በሆነ ጊዜ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ሕዝባቸው «ምዋሊሙ»፥ ማለት መምህር፥ እያለ የሚጠራቸውን የታንዛንያውን ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬን ብዙ ዘመን አስጨንቋቸዋል።

ኔሬሬ የአፍሪቃ ወሰን በስምምነት እንጂ በጦር ኀይል መፍረስ የለበትም ብለው ያምኑ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ታንጋኒካ፥ ኬንያና ዩጋንዳ በአንድ ፌዴሬሽን ይተባበሩ ዘንድ የገዛ አገራቸው ነጻነት ቢዘገይ እንኳ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጡ። ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀርቶ ታንጋኒካ በ1961 ለብቻዋ ነጻ ወጣች፤ በ1964ም ከዛንዚባር ጋር ተዋሐደች። በዚያው ዓመት የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት መሪዎች በካይሮ ሲሰበሰቡ፥ አባል መንግሥታት ነጻ ሲወጡ የተረከቡትን ወሰን ያክብሩ የሚለውን ውሳኔ ያቀረቡ እርሳቸው ነበሩ። ሶማሊያና ሞሮኮ ቢቃወሙትም ውሳኔው ጸደቀ።

ፈተናው የመጣው ከዩጋንዳ ነው። በ1971 ኢዲ አሚን ፕሬዚዳንት ሚልተን ኦቦቴን በገለበጠ ጊዜ፥ ኔሬሬ አዲሱን መንግሥት አናውቅም አሉ፤ ለኦቦቴም መጠጊያ ሰጡ። በ1972 ከታንዛንያ የተነሡ የኦቦቴ ደጋፊዎች ዩጋንዳን ወግተው ድል ሆኑ። በዚህ ነገር የካይሮውን ውሳኔ ያቀረቡት ሰው ከገዛ ቃላቸው እንደ ራቁ አይካድም። በ1975 የድርጅቱ ጉባኤ በካምፓላ ሲደረግና አሚን ሊቀ መንበር ሲሆን ታንዛንያ ሳትገኝ ቀረች። ኔሬሬ የነጭ ገዥዎችን ግፍ የሚያወግዝ ሁሉ በጥቁር ገዥ ግፍ ፊት ዝም ማለት አይገባውም ባይ ነበሩና።

በ1978 የአሚን ጦር ከካጌራ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የታንዛንያ መሬት ያዘ፤ አሚንም መሬቱ የዩጋንዳ ሆኗል ሲል አስታወቀ። የታንዛንያ ጦር ወራሪውን አስወጥቶ በዚያ ሳይወሰን፥ ከዩጋንዳ ስደተኞች ጋር ሆኖ በ1979 ካምፓላ ገባ። በዚያው ዓመት በሞንሮቪያ በተደረገው ጉባኤ አንዳንድ መሪዎች ኔሬሬን የጎረቤት መንግሥት ገለበጡ ሲሉ ወቀሷቸው። ጦርነቱ 500 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል፤ ይህም ድኻይቱን ታንዛንያን እጅግ ጎዳት። ሆኖም ድል አድራጊዋ ከዩጋንዳ አንዲት ስንዝር መሬት አልወሰደችም፤ ወሰኑም ከጦርነቱ በፊት በነበረበት ጸና።

ኔሬሬ በ1999 ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት በሎሜ የጸደቀው የአፍሪቃ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ በአራተኛው አንቀጽ በነጻነት ጊዜ የነበረው ወሰን እንዲከበር ያዛል፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ የዘር ማጥፋትን የመሰለ ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል ይደነግጋል። ወሰን የተከበረው ሕዝብ በሰላም ይኖር ዘንድ ነው እንጂ ገዥው ግፉን ይሸሽግበት ዘንድ አይደለም።