አምባ ግሸን

አምባ ግሸን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ መስቀለኛ የሆነ ተራራ ነው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሣውያን ቤተሰብ ወንዶች በጥበቃ ሥር የሚኖሩበት ስፍራ ነበር።

የአልጋ ወራሾች አምባ

ዙፋኑ የሚገባው ለሰሎሞን ዘር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከዘሩ የተወለደ ወንድ ሁሉ ወራሽም ተቀናቃኝም ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹና ዘመዶቹ በአምባው ይጠበቁ ነበር። አልጋው ባዶ ሲሆን ተተኪው ከዚያው ይመጣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) እና ዐፄ ናዖድ (እ.ኤ.አ. 1494–1508) ከአምባው ወርደው ነግሠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር አምባውን ያዘ፤ በዚያ የነበሩትም ተገደሉ።

ሕልሙና ግማደ መስቀሉ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ ዐፄ ዳዊት ግማደ መስቀሉን ተቀብለው ሲመለሱ በመንገድ አረፉ። ልጃቸው ዘርዓ ያዕቆብም መስቀሉን በመስቀለኛ ስፍራ እንዲያኖሩ በሕልም ታዘዙ። ከረጅም ፍለጋ በኋላ ግሸንን አግኝተው የአባታቸውን ጅምር ፈጸሙ። በዓሉ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ ይከበራል።

በልብ ወለድ

የአምባው ወሬ በፖርቱጋሎች ጽሑፍ አውሮፓ ደረሰ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» የተሰኘ ልብ ወለድ፣ የሐበሻ ልዑል ተራው እስኪደርስ በተዘጋ ሸለቆ በምቾት ይኖራል። ልዑሉ ግን ምቾቱ ሰልችቶት፣ ደስታን ፍለጋ ከእኅቱ ጋር ያመልጣል።