ሕያው ሕዋሳትን በኢንፍራሬድ ብርሃን መመርመር

ሕያው ሕዋሳትን በኢንፍራሬድ ብርሃን መመርመር የሕዋሳትን ኬሚካዊ ይዘት ሳይገድሉና ቀለም ሳይቀቡ ለማወቅ የሚያገለግል ዘዴ ነው። በላቦራቶሪ ያደጉ ሕዋሳትን በመትከል የተጎዳ አካልን ለመጠገን በሚሠራው የሕክምና ዘርፍ ትኩረት አግኝቷል።

አስፈላጊነት

ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥ፣ በ2007 ደግሞ የሰው የቆዳ ሕዋሳትን ወደ ግንደ ሕዋስነት መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። ያማናካ በ2012 የኖቤል ሽልማትን ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር ተጋርተዋል።

ከግንደ ሕዋሳት የልብ፣ የነርቭ ወይም የዓይን ሕዋሳት ማሳደግ ይቻላል። ሆኖም ሳይለወጡ የቀሩ ግንደ ሕዋሳት አብረው ከተተከሉ ቴራቶማ የተባለ ዕጢ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሕዋሳቱ ከመተከላቸው በፊት መመርመር አለባቸው። ብዙዎቹ የተለመዱ ምርመራዎች ግን ሕዋሱን በኬሚካል ያደርቁታል ወይም ይሰባብሩታል። በመሆኑም የተመረመረው ሕዋስ አይተከልም፤ የሚተከለው ደግሞ ራሱ አልተመረመረም። የኢንፍራሬድ ዘዴ ሊፈታ የሚሞክረው ይህን ችግር ነው።

አሠራር

በሞለኪውል ውስጥ አተሞችን የሚያያይዙ ትስስሮች ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ። እያንዳንዱ የትስስር ዓይነት ከርግብግቢቱ ጋር የሚስማማውን የኢንፍራሬድ ሞገድ ይውጣል። ቅባቶች በ3.4 እና 3.5 ማይክሮሜትር፣ ፕሮቲኖች ከ6 እስከ 6.5 ማይክሮሜትር፣ የዲኤንኤና የአርኤንኤ ፎስፌት ደግሞ በ8 እና 9.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ጎልተው ይታያሉ። መሣሪያው የለካውን ምልክት ኮምፒውተር በፉርየ ትራንስፎርም ስሌት ወደ ስፔክትረም ይቀይረዋል። ግንደ ሕዋስ ሲለወጥ የፕሮቲኑ፣ የቅባቱና የሌሎች ይዘቶቹ መጠን ስለሚቀያየር ስፔክትረሙም ይለወጣል። ልዩነቱ ጥቃቅን በመሆኑ በስታቲስቲክስና በማሽን ለርኒንግ ይለያል።

የኢንፍራሬድ ብርሃን ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ እንደ ኤክስሬይ ዲኤንኤን አይሰብርም። ከመጠን በላይ ከበረታ ግን ሕዋሱን ሊያሞቀው ይችላል።

ውስንነት

ዋናው እንቅፋት ውኃ ነው። ሕያው ሕዋስ ያለ ውኃ አይኖርም፤ ውኃ ደግሞ በ6.1 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃኑን አጥብቆ ስለሚውጥ የፕሮቲኑን ምልክት ይሸፍናል። ለዚህም ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው የውኃውን ውፍረት ከ10 ማይክሮሜትር በታች ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሕዋሳቱን በክሪስታል ላይ አሳድጎ፣ ከክሪስታሉ ወለል ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ዘልቆ በሚገባ ብርሃን መለካት ነው። ለሚታይ ብርሃን ቅርብ የሆነው ኢንፍራሬድ ውኃን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፤ ነገር ግን ምልክቶቹ ደካማና የተደራረቡ ናቸው።

ስፔክትረም የሕዋሱን አጠቃላይ ኬሚካዊ ገጽታ እንጂ የአንድን ጂን ሁኔታ ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ዘዴው የዘረመል ምርመራን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።