ድስቱም ይጾማል

ሰሞኑን ውጭ አገር የምትኖር አብሮ አደጌ ደውላ “የቪጋን ሥነ ምግብ አማካሪ” የሚያደርግ ኮርስ መጀመሯን አበሰረችኝ። ሰርተፍኬት አለው፤ ደንበኛ አለው፤ በሰዓት ይከፈልበታል። እኔ ደግሞ መራዊ ያለችው አያቴ ትዝ አለችኝ። የሑዳዴን 55 ቀን፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ሁሉ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል አንድ ቤት ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ስልጆውን በባቄላና በሰናፍጭ ጥላ፣ ኑጉን ወቅጣ፣ ተልባውን በጥብጣ። “ቪጋን” የሚለው ቃል እንኳ በ1944 እንግሊዝ አገር ጥቂት ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ የወጣ ነው (የዓመቶቹ ቁጥር ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ታዲያ “እኛ እኮ ከጥንት ጀምሮ…” ብዬ ልፎክር አማረኝ።

መቼስ ፉከራ ደስ ይላል። ታሪኩን ማገላበጥ ስጀምር ግን መሀል መንገድ ላይ ቆመብኝ።

አገራችን ውስጥ ምግብን በሙያ መመርመር ሥር የያዘው በቅርቡ ነው። በ1958 አንድ የአሜሪካ ቡድን መጥቶ የሕዝቡን አመጋገብ አጠና፤ ሪፖርቱም በዓመቱ ታተመ። በ1962 ደግሞ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል አቋቋሙ፤ ይኼ ነው ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው። እዚያ ከሠሩት አንዷ ሩት ሴሊነስ የምትባል ስዊድናዊት ነበረች። የደጋውን ሰው ምግብ፣ አሠራሩን ሳይቀር መዝግባ በ1971 በእንግሊዝኛ አሳተመችው። አያቴ በእጇ የምታውቀውን ነገር ወረቀት ላይ ያሰፈረችው የስቶክሆልም አገር ሰው መሆኗ ትንሽ ያስቀናል። ቢሆንም እግዜር ይስጣት፤ እኛማ የጓዳ ነገር ነው ብለን ማን ዞር ብሎ አየው?

ሌላው ስዊድናዊ፣ ሐኪሙ ዩንግቬ ሆፍቫንደር፣ የተያያዘው የጤፍን ብረት ነበር። የኢትዮጵያ ደገኛ ከምግቡ የሚያገኘው ብረት እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኝቷል። በ1968 ባወጣው ሥራ እንደታየው ግን ከዚያ ብረት ብዙው ከጤፏ አልነበረም፤ በሬ ሲያበራይ ከአውድማው አፈር ተቀላቅሎ የሚመጣ ነው፤ ሰውነትም እንደልቡ አይጠቀምበትም። ዛሬ ጤፍን “የብረት ንጉሥ” እያሉ ለፈረንጅ የሚሸጡ ሰዎች ይህችን የአውድማ ጉዳይ ሲያነሷት አልሰማሁም።

የኢንስቲትዩቱን ስም በየቤቱ ያስገባው ግን ፋፋ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራና አኩሪ አተር፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ልብ በሉ፤ መሠረቱ እህልና ጥራጥሬ ሆኖ እንኳ ወተቷን አልተዋትም። እነዚያ ባለሙያዎች ለሕፃን የሚሆነውን ሲያሰሉ ጥራጥሬ ብቻውን በቂ ነው አላሉም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጾመኛ ቪጋን አይደለም፤ ፋሲካ አለው። አዋቂ ሰው ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚያገኘውን ቫይታሚን ቢ 12 ጉበቱ ለዓመታት ያስቀምጥለታል፤ ሁለት ወር ቢጾም አይጎድልበትም። የአንድ ዓመት ሕፃን ግን ጎተራው ገና አልሞላም። ቤተ ክርስቲያንም ሕፃን ይጹም አላለችም። ልጁ ባይጾምም ግን ድስቱ ይጾማል። እንቁላል የተጠበሰበት መጥበሻ የጾሙን ወጥ ያስገድፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እናት ሁሉንም ትተወዋለች።

የጾም ምግብ እውቀት አይፈልግም ያለ ሰው ደግሞ ጓያን ይጠይቅ። ችግር ሲጠና ሰው ጓያ ላይ ይወድቃል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አጥንተው በ1990 አሳትመዋል። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። ይህችን አንዲት ነገር ቤት ለቤት የሚናገር ሰው መቅጠር እግር ያድናል።

መራዊን የሚያውቅ አገሩ የጠገበ መሆኑን ያውቃል። የቆጋ መስኖ ብቻ ሰባት ሺህ ሄክታር ያጠጣል ተብሎ የተሠራ ነው። ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሲወርዱ በቆሎውና በርበሬው ሌላ ነው። ያም ሆኖ በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው። በጎተራና በልጅ አፍ መካከል የሆነ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። የጠፋውን እንዲፈልግ የሚሰለጥነው ሰው ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በሐዋሳ፣ በጅማና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ምግብ ይመረቃሉ። እዚህ ታች ያለውን ሥራ የተሸከመችው ግን ከ2003 ጀምሮ የአንድ ዓመት ሥልጠና እየወሰደች የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ክትባቱም፣ ሽንት ቤቱም፣ ወሊዱም፣ ምግቡም በእሷ ትከሻ።

ባለፈው ሑዳዴ መራዊ ሄጄ አያቴን፣ ለልጅ ልጇ ልጅ እንቁላል ትሰጠው እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ድስቱንሳ ማን ያነጻልኛል ልጄ?” አለችኝ። ቀጥላ ሳቀችና ከቆጡ ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አወረደች፤ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። “ይች የጤናዋ ልጅ ናት ያስገዛችኝ። የሕፃኑ ናት። ሌላ አይነካትም።”

ወዲያው የጎረቤት ሴት ልጅ አዝላ ገባችና ያችኑ ድስት ተውሳ ሄደች።