ሲ ፕሮግራሚንግን ለሚጀምር ሰው ምን ይቅደምለት? እስኪ ከታሪኩ እንነሳ

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁኛል፤ «ቲቸር፣ ሲን ከየት ልጀምር? የትኛው መማሪያ ይሻላል?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ የመማሪያን ጥሩነት የምለካው በአንድ ነገር ነው። ቋንቋው ለምን እንደተፈጠረ ይነግራችኋል ወይስ ምልክት ብቻ ያሸመድዳችኋል?

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሪቻርድስ የተባለ እንግሊዛዊ ቢሲፒኤል የሚባል ቋንቋ ሠራ። አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ኬን ቶምሰን ያንን አሳጥሮ «ቢ» አለው። በቢ የዳታ ዓይነት የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥርም ይሁን ፊደል ሁሉም የሚቀመጠው እኩል በተቆረጠ አንድ ዓይነት ሳጥን ነው። ችግሩ የመጣው ፒዲፒ-11 የተባለው ኮምፒውተር ሲመጣ ነው። ይህኛው ሚሞሪውን የሚቆጥረው በባይት ነው። ፊደል አንድ ባይት ከበቃው ትልቅ ሳጥን ለምን ይያዝ? የቶምሰን ባልደረባ ዴኒስ ሪቺ ከ1971 ጀምሮ ዓይነቶችን ጨመረበት፤ ለቁጥር ኢንት፣ ለፊደል ቻር። በ1972 «ሲ» የሚለውን ስም ያዘ። በ1973 ዩኒክስ የተባለው ሲስተም በሲ እንደገና ተጻፈ። በእኛ 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያ ዓመት ለእኛ ለወሎ ሰዎች በምን እንደሚታወስ አልነግራችሁም፤ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ኢንትና ቻር የመጡት ከሚሞሪ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስለ ሚሞሪ ሳይናገር «ኢንት ማለት ሙሉ ቁጥር ነው» ብሎ የሚያልፍ መማሪያ ግማሹን ደብቋችኋል።

በ1978 ሪቺና ብራያን ከርኒሃን የቋንቋውን መጽሐፍ አወጡ። ከ230 ገጽ በታች ነው። ዛሬ በየቋንቋው የምትጀምሩበትን «ሰላም ዓለም» የሚል ፕሮግራም ያስለመደው እሱ ነው። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋል፤ ግን ያን አንድ መስመር ለማየት ፋይሉን መጻፍ፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማስነሳትና ውጤቱ የት እንደሚወጣ ማወቅ ግድ ነው። የኔታ መጀመሪያ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ፣ ቀጥሎ ዳዊት። ፊደሉን ያልቆጠረ ዳዊት አይደግምም። እዚህም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ እንምጣ። ሲ ሲወለድ ፊደል ማለት የላቲን ፊደል ነበር። አስኪ የሚባለው የኮድ ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነው ያለው። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ አይገባም። ለዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 ግን የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ስለተሰጠ ሀ ላይ 8 ስትደምሩ ለ ይሆናል፤ ለ ላይ 3 ስትደምሩ ደግሞ ላ። የፊደል ገበታችን እኮ ራሱ ባለ ረድፍና ዓምድ አሬይ ነው!

ይህ ቁጥር በሲ ባይቶች ውስጥ የሚገባበትን መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ በ1992 የነደፉት ሮብ ፓይክና ኬን ቶምሰን ናቸው። አዎ፣ ያው ቢን የሠራው ቶምሰን። በዚህ መንገድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ስትርሌን ለሚባለው መቁጠሪያ «ላሊበላ» ብላችሁ ብትሰጡት 4 አይልም፣ 12 ነው የሚለው። በመጨረሻ የሚቀመጠው ዜሮ ሲጨመር 13 ቦታ ያስፈልጋል። 4 ፊደልና አንድ ዜሮ ብሎ 5 ቦታ ያዘጋጀ ተማሪ ከተሰጠው ቦታ አልፎ የጎረቤቱን ሚሞሪ ያበላሻል። ሲ ደግሞ ዝም ብሎ ያያል፣ አይከለክልም።

ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። በኅዳር 1988 የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔትን ሲያሽመደምድ አንዱ መግቢያው ጌትስ የተባለ ፋንክሽን ነበር። ጌትስ ስንት ባይት እንደሚቀበል ሳይጠይቅ ያነባል። በ2011 ከቋንቋው መለኪያ ጨርሶ ወጥቷል። ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት አሮጌ ፒዲኤፎች ዛሬም ያስተምሩታል። ጌትስን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስተምር መማሪያ ካያችሁ ዝጉት።

እንግዲህ ጥሩ የጀማሪ መማሪያ በእኔ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦

1. ኮምፓይለር ምን እንደሚሠራና የስህተት መልእክት እንዴት እንደሚነበብ። ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ይብሩ።
2. ሚሞሪና ባይት፤ ከዚያ የዳታ ዓይነቶች።
3. ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፋንክሽን። እዚህ ላይ ብዙ አይቆይ፣ በልምምድ ይመጣል።
4. አሬይና ስትሪንግ፣ ከመጨረሻው ዜሮ ጋር። በአማርኛ ጽሑፍም ይሞከር።
5. ፖይንተር። የቤት ቁጥር ማለት ነው፤ ቤቱን ሳይሆን ቤቱ የት እንዳለ ይነግራችኋል። እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አይደበቅ።

«ቲቸር፣ ፓይተን እያለ ሲ ምን ያደርጋል?» ትሉኛላችሁ። በስፋት የምንጠቀመው ፓይተን ራሱ የተጻፈው በሲ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ያም በአብዛኛው ሲ ነው። ሌላም የእኛ ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የኦንላይን ኮርስ ሁሉ ቆመ። ከ1987 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ጂሲሲ ግን አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ኮምፓይለር፣ መብራት ባለችበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ልምምድ። ከላስታ ሆኖ መማር ይቻላል የምለው ለዚህ ነው።

በሉ የቤት ሥራ፦ ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ስትርሌን ስንት እንደሚላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። በ3 የማይካፈል ቁጥር የመጣበት ሰው ለምን እንደሆነ አብረን እንፈልጋለን። ለታናናሾቻችሁም አጋሩት።