የማይነበበው መዝገብ ቤት

በአገራችን መሥሪያ ቤት ጉዳይ አስፈጽሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መዝገብ ቤትን ያውቃል። ደብዳቤ ሲገባ ቀኑና ቁጥሩ በገቢ መዝገብ ይሰፍራል፤ ሲወጣ በወጪ። ከማን ለማን እንደተጻፈ፣ አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ግልባጩ ለእነማን እንደደረሰ ይያዛል። ከዚያ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም። «ቁጥሩን ይዘህ ና» እየተባልን ስንመላለስ ያላማረርን ጥቂቶች ነን። እኔ እዚህ ሲያትል የምተዳደረው የድርጅቶችን የኤሌክትሮኒክ ሰነዶች በማደራጀትና ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በማሻገር ነው። ውድ አንባቢ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኩባንያዎች በብዙ ገንዘብ የሚገዙት የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በመሠረቱ የሚሠራው ያችኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰነድ የማይደገም ቁጥር መስጠት፣ ማን መቼ እንደጻፈው መያዝ፣ ከየትኛው ጉዳይ ጋር እንደሚያያዝ ማወቅ።

ስለዚህ «እኛ መዝገብ መያዝ አናውቅም» የሚለውን የተለመደ ወቀሳ አልቀበለውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ያዙት። (በግልጽ ካላመለከትኩ በስተቀር ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገመዱ የተበጠሰው ብዙ ቆይቶ ነው፤ በግምት ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ፣ መሥሪያ ቤቶቻችንና ማኅበሮቻችን ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒዩተር በተሻገሩበት ዘመን።

ታይፕራይተሩን እናስታውስ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የላቲኑን መኪና ለአማርኛ ለማመቻቸት ሲነሱ የጠበቃቸው ችግር ግልጽ ነበር፤ ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ። በኋላ በየቢሮው የገቡት መኪኖች ችግሩን ያለፉት ፊደሉን በመገጣጠም ነው። ጸሐፊዋ መጀመሪያ የፊደሉን ገላ ትመታለች፤ ቀጥሎ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ትለጥፍበታለች። ትንሽ ይንሻፈፋል እንጂ ያስነብባል። ወረቀት የሚይዘው መልክን ነውና ዐይን «ቡ» ብሎ ካነበበው «ቡ» ነው፤ ከስንት ቁራጭ እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም።

ኮምፒዩተር ግን የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የአሜሪካኖች ኮድ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ የተስፋፉት ኮዶችም ከ256 አላለፉም። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹን፣ 20ዎቹን አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹን ስንጨምር ሞልቶ ይፈሳል። እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ካወጡት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔ አልገባበትም፣ ሁሉም ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን የጋራ ኮድ ባልነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ የላቲኑን ቁጥሮች ወስዶ የራሱን ድልድል አወጣ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው። ሌላው የታይፕራይተሩን ዘዴ ይዞ ገላውን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀመጠ። ስክሪኑ ላይ «በ» ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነው። ፎንቱ ጭምብል አልብሶታል። ጭምብሉን ስታወልቁት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ዝብርቅርቅ ነው። የቆየ የአማርኛ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ቀድቶ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ የሞከረ ሰው ይህን አይቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገርላቸውን ሁለት ሰዎች ላንሳ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ግዕዝን በተራ የላቲን ፊደል ለመወከል አንድ ወጥ ደንብ አወጡ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሰራ» ይባላል («ሴራ» ብላችሁ እንዳታነቡት!)። ለዐይን አያምርም ነበር። አማርኛን በላቲን ማንበብ ያንገሸገሻቸውም ብዙ ነበሩ። ሆኖም እያንዳንዱ ፊደላችን የታወቀ፣ ከሌላው ጋር የማይምታታ ውክልና ስለነበረው ጽሑፉ በየትኛውም ኢሜይል ሳይበላሽ ያልፋል። በዚያ ደንብ በጥንቃቄ የተጻፈ ነገር ዛሬም በጥቂት ደቂቃ ወደ ፊደላችን ይመለሳል። በወቅቱ እጅግ ባማሩት ፎንቶች ከተጻፈው መካከል ግን የዛሬ ኮምፒዩተር የማያነበው ብዙ ነው።

የዩኒኮድ ማኅበር በ1991 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ፤ ፊደላችን በ345 ምልክቶች የገባበት 3ኛው እትም በ1999 ወጣ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አለው፤ በ2005 እና ከዚያም በኋላ የሌሎች ቋንቋዎቻችን ፊደላት ተጨመሩበት። ደረጃው ወጣ ማለት ግን ቢሮ ደረሰ ማለት አይደለም። እዚሁ ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። ስምንት ዓመት! በነዚያ ዓመታት መንግሥት ወረዳዎችን በሳተላይት የሚያገናኘውን ወረዳኔት እየዘረጋ ነበር። መስመሩ ቢዘረጋም ተቀባዩ ዘንድ ላኪው የተጠቀመበት ፎንት ከሌለ የሚደርሰው ያው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በፋክስ ወይም በመኪና ይሄዳል። መዝገብ ቤት ቁጥር የሚሰጠው ለወረቀቱ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ቅጂ ቁጥርም መዝገብም ሳይኖረው ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ «ደብዳቤ 1»፣ «ደብዳቤ 2» ተብሎ ይቀራል።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅርቡ እዚህ ከተማ የአንድ እድር የቀድሞ ጸሐፊ የነበሩ አባት በጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ እስቲ እነዚህን እይልኝ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል። የእድሩ ቃለ ጉባኤና የመዋጮ መዝገብ ነበር፤ ወረቀቱ በቤት ልዋጭ ጊዜ ጠፍቷል። ጉዳዩ የመጣው አንዲት እናት «ባለቤቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፣ መዋጮውንም አላቋረጠም» በማለታቸው ነው። አዲሱ ኮሚቴ ማስረጃ ይምጣ አለ። ማስረጃው ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ አንባቢ ግን የለውም።

ከዲስኮቹ ጥቂቶቹ ጭራሽ አልነሣ አሉኝ፤ ማግኔቱ ሞቷል። የተነሡት ሦስት ዓይነት ድልድል ነበራቸው። የፎንቱ ስም ፋይሉ ውስጥ የቀረባቸው ቀላል ነበሩ፤ ሰንጠረዥ ሠርቼ ቁጥር በቁጥር ወደ ዩኒኮድ ቀየርኳቸው። አስቸጋሪዎቹ አንድ ሰው በደግነት «ቦታ እንዳይበሉ» ብሎ ወደ ተራ ጽሑፍ የለወጣቸው ናቸው። እዚያ የፎንቱ ስም የለም። «ነው» እና «ስለዚህ»ን የመሳሰሉ ተደጋጋሚ ቃላት የትኛው ድልድል ውስጥ እንደሚወጡ እየገመቱ መፈተሽ ነው። ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። «3/4/96» የሚለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው ወይስ የፈረንጅ 1996? ቢያንስ አንዱን ጥያቄ የፋይሉ የራሱ ቀን ፈታልኝ። የሟቹ ስም በመጀመሪያው ዓመት የመዋጮ ዝርዝር ላይ ነበር፣ የከፈሉት 20 ዶላርም ጭምር። ኮሚቴው ተቀበለ።

አሁን ይህን ካርቶን በአገር ደረጃ አስቡት። ከ1992ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦች ገጾቻቸውን ያሰናዱት በነዚሁ ፎንቶች ነው፤ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ኮምፒዩተሮቻቸው የት እንደገቡ እግዜር ይወቀው። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቀበሌ ቤት ውል፣ የመሬት ይዞታ ረቂቅ፣ የስደተኛ ማኅበራት ደንብ ሁሉ በዚያው ዘመን ቋንቋ ተቀምጧል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች ፍሎፒን አላሰቡም። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትንና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው ሲዘረዝሯቸው የኖሩትን የብራና መጻሕፍት ለማየት ብርሃንና ሌንስ ይበቃል። የ1994 ፋይል ይህን ዕድል አላገኘም።

«ወረቀቱን ስካን አድርገናል፣ ዲጂታል ሆኗል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጥሩ ነው፤ ከመጥፋት ይሻላል። ያ ግን ፎቶግራፍ ነው፣ ስም ፈልጉበት ብትሉት አይመልስላችሁም። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 (በኛ አቆጣጠር) ለኤሌክትሮኒክ መረጃ ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ቆይቷል፤ ማንም ሊከፍተው የማይችል ፋይል ግን በየትኛው ዳኛ ፊት ምን ይመሰክራል? ሥራው ከባድ አይደለም። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ቅጂውን ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከየትኛው ፎንት እንደተቀየረና ማን እንደቀየረው መመዝገብ። ገቢና ወጪ እንደማለት ነው። የሚከብደው ድልድሎቹን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው መግፋቱ ነው።

ከጋሼ ካርቶን ውስጥ ሁለት ዲስክ እስካሁን አልተፈቱልኝም። ድልድላቸው ከማውቃቸው ፎንቶች ከአንዱም ጋር አይገጥምም፤ ከ1993 በፊት የተጻፉ ይመስላል። በዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ገዝታችሁ የመጫኛ ዲስኩ ወይም የቁልፍ ሰሌዳው ወረቀት በመሳቢያችሁ የቀረ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቤት ስታጸዱ አትጣሉት።