ያልተቸነከረው ብሪጅ

በዐቢይ ጾም የሚመጣልኝ ሥራ በገና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ጊታር። ቀራንዮ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ እየጠገንኩ ዓመቴ የሚከፈለው እንዲህ ነው። «ተንሳፋፊ ብሪጅ ግጠምልኝ» የሚሉኝ ልጆች ነገሩን ከውጭ የመጣ ተአምር ያስመስሉታል። ከጀርባቸው የተሰቀለው በገና ግን በርኩማው (ብሪጁ) በሚስማርም በሙጫም አልተያዘም። ቆዳው ላይ የቆመው ዐሥሩ አውታር ስለሚጫነው ብቻ ነው፤ አውታሩ ሲላላ ይወድቃል። የክራሩም እንደዚሁ ነው።

የጊታሩ ታሪክ አጭር ነው። ሊዮ ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ብሪጁን ከፊት 6 ክሮች፣ ከኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይጎትቱታል፤ ጉተታው እኩል ሲሆን ብሪጁ አየር ላይ ይቆማል። ቀጫጭኖቹ ክሮች እንኳ ተደምረው 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። በ1979 ፓተንት ያገኘው ፍሎይድ ሮዝ ደግሞ ቅኝቱ እንዳይለቅ ክሩን በአንገቱ ጫፍ ቆለፈው።

የእኛ ከተማ በዘመናዊ ሙዚቃዋ መጀመሪያ የነሐስ ከተማ ነበረች። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ያስመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ይዘው የመጡት ጥሩምባ እንጂ ጊታር አልነበረም። ጊታሩ ጎልቶ የወጣው ዘግይቶ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን ሲዘፍን ከኢቤክስ ባንድ ጋር ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ነበር። ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ደግሞ ሆቴል የገባ ሰው እስከ ንጋት አይወጣም ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ተንሳፋፊ ብሪጅ መጥፎ ጓደኛ ነው። አንድ ክር ሲበጠስ ሞላው ያይልና የቀሩት አምስቱ ቅኝታቸው ሽቅብ ይወጣል። በቋሚ ብሪጅ ግን በአምስቱ ዘፈኑን መጨረስ ይቻላል።

መግጠሙ ትዕግሥት ይፈልጋል። በፌንደር ልክ በተሠራ ጊታር ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት 32.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ እስከ ክሩ ማረፊያም ያው ገደማ መሆን አለበት። ይህ ከተዛባ ባዶው ክር ልክ ሆኖ ላይኛው ፍሬት ይዋሻል። ጉድጓዱን በመሮ አስፍቼ፣ ብሪጁ የሚደገፍባቸውን ሁለት ምሰሶዎች ቀዳዳ በትራፓኖ ቀጥ አድርጌ እበሳለሁ። እንጨቱ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ምሰሶው ቀስ በቀስ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እንዲህ ያለውን ጊታር ብር ቢጨመርልኝም አልነካም።

እውነቱን ልናገርና፣ ለትዝታና ለአምባሰል ብሪጁን እያነቃነቀ ድምፁን የሚያወዛውዘው ዘንግ አያስፈልግም። የእኛን ጊታር የሚያስለቅሰው የግራ እጅ ጣት ነው። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ አንዱን ክር በጣት ገፋ ስታደርጉት ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ሁለት ክር አብሮ ለሚመታ ተጫዋች ይህ ጣጣ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ቁራጭ እንጨት ሸጉጬ ብሪጁ እንዳይነቃነቅ አደርገዋለሁ። ሮክ ለሚጫወት ግን ያለ ሙግት እገጥማለሁ።

ያስገጠማችሁ ካላችሁ ክር ስትቀይሩ ስድስቱን በአንዴ አታውልቁ፤ አንዱን አውጥታችሁ አዲሱን ካሰራችሁና ከቃኛችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ።