ጠባየ አስቸጋሪ ወጣቶችና አዳሪ ትምህርት ቤት፤ ከሜትሬ እስከ ጅቡቲ

በጅቡቲ ከተማ በማህሙድ ሐርቢ አደባባይና በአካባቢው ገበያዎች የሚያልፍ ሰው ጫማ የሚጠርጉ፣ መኪና የሚያጥቡ፣ ዕቃ የሚሸከሙ ወንዶች ልጆችን ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ካገናኘ ወዲህ የወደቡ ከተማ ለነጋዴውም፣ ለሠራተኛውም፣ ከቤቱ ለኮበለለ ልጅም መድረሻ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በጭነት መኪና ላይ ተሸሽጎ ይደርሳል። ሥራ ያጣው ይለምናል፤ ረኀቡን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስብም አለ።

በከተማዪቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅት የሆነው ካሪታስ ለእነዚህ ልጆች ማዕከል ከፍቷል። ልጆቹ እዚያ ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ይመገባሉ፤ ይታከማሉ፤ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ይሁን እንጂ የማዕከሉ ዋና ሥራ የቀን ሥራ ነው፤ ሲመሽ አብዛኞቹ ወደ ጎዳና ይመለሳሉ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ቀን የተማረውን ሌሊቱ የሚያፈርስበት ልጅ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል? መልሱን ለማግኘት አስቸጋሪ ለተባሉ ወንዶች ልጆች የተቋቋሙትን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ባጭሩ እንመልከት።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 27 ቀን 1977 ድረስ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር የነበረች ስለሆነ ከፈረንሳይ እንጀምር። ደሜ የተባለ ዳኛ ልጆች ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር መታሰራቸው አሳዝኖት እ.ኤ.አ. በ1840 በቱር ከተማ አጠገብ ሜትሬ በተባለ ቦታ የእርሻ ሠፈር ከፈተ። ልጆቹ አርባ ያህል እየሆኑ በየቤቱ ተመደቡ፤ እያንዳንዱም ቤት «ቤተሰብ» ተባለ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ከዘመን ብዛት ቤተሰብነቱ በስም ብቻ ቀርቶ ወታደራዊ ሥርዐት፣ ከባድ ጉልበትና የብቻ እስር ገነነ። ሌሎቹም ተቋማት ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1934 በቤል ኢል ደሴት ከነበረው ማረሚያ ልጆች ዐምፀው ሲያመልጡ፣ አንድ ልጅ ይዞ ለሚያስረክብ ሰው 20 ፍራንክ እንደሚከፈል ተነገረ። በልጆች ላይ የተካሄደው ይህ አደን የፈረንሳይን ሕዝብ አስቈጣ። ከጦርነቱ ማብቂያ ላይ፣ የካቲት 2 ቀን 1945፣ የወጣው ድንጋጌ ለአጥፊ ልጆች ከቅጣት ይልቅ ትምህርት እንዲቀድም ደነገገ፤ የልጆች ዳኛ የሚባልም ሹም አቆመ።

ሌሎች አገሮች በዚሁ ጊዜ ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። በኦስትሪያ አውጉስት አይኽሆርን የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1918 በኦበርሆላብሩን አዳሪ ተቋም ከፈተ። እጅግ ኃይለኞች የሆኑ 12 ልጆችን በአንድ ቡድን ሰብስቦ፣ ዕቃ ቢሰብሩም ቢደባደቡም ከእርሱና ከረዳቶቹ ቁጣና ዱላ እንዳያገኙ አደረገ። ልጆቹ ቅጣት ይጠብቁ ነበር፤ ቅጣቱ ሲቀር ግን ቍጣቸው ቀስ በቀስ በረደ፤ በተንከባካቢዎቻቸውም መታመን ጀመሩ። አይኽሆርን ልምዱን በ1925 በመጽሐፍ ሲያወጣ ዚግሙንድ ፍሮይድ መቅድም ጽፎለታል።

በዩክሬንም አንቶን ማካሬንኮ እ.ኤ.አ. በ1920 በፖልታቫ አቅራቢያ ወላጅ አልባና አጥፊ ወጣቶችን ተረከበ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተስፋ ቈርጦ አንዱን ልጅ መምታቱን ራሱ ጽፏል። ስሙን ያስጠራው ግን ዱላው አይደለም። ከቀድሞ ዘራፊዎች አንዱን ልጅ ፈረስና ሽጉጥ ሰጥቶ የተቋሙን ገንዘብ ከከተማ እንዲያመጣ ላከው፤ ልጁም ገንዘቡን ሳያጎድል ተመለሰ። ሴምዮን ካላባሊን የተባለው ይህ ወጣት በኋላ ራሱ የእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊና መምህር ሆኗል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ የወጣት አጥፊዎች ጠባይ ማረሚያ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው ሆኖ ቈይቷል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ከዐዋቂዎች ለይቶ፣ ፍርድ ቤት ወቀሳን፣ በኀላፊ ሰው ጥበቃ ሥር መማርን ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ መግባትን እንዲያዝ ፈቀደ። ሆኖም በዚያው ሕግ ግርፋትም ነበረበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የዕድሜውን ወሰን እንዳለ ጠብቆ ግርፋቱን አስቀረው። የሕፃናትን መብት ስምምነት ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብለዋል፤ ስምምነቱም ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ብቻ እንዲሆን ያዛል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? ሜትሬም የኦበርሆላብሩኑም ተቋም አልጋ፣ ምግብና የሥራ ሰዓት ነበራቸው። ልዩነቱ አልጋው አጠገብ ማን ቆሟል በሚለው ላይ ነው። ዘበኛ የቆመ እንደ ሆነ ልጁ መደበቅን ይማራል፤ መምህር የቆመ እንደ ሆነ መታመንን ይማራል። ግንብ ልጅን ያቆየው ይሆናል እንጂ አያስተምረውም። በአንጻሩ ደግሞ የጅቡቲው ምሳሌ እንደሚያሳየን፣ መልካም መምህርም ቢሆን ልጁ የሚያድርበት ቤት ከሌለ ሥራው ከግማሽ ይቀራል። ስለሆነም ለእነዚህ ልጆች የሚበጀው አነስተኛ ቍጥር ያለው፣ በሩ የማይቈለፍ፣ ሙያ የሚያስተምር፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው የሚያድርበት፣ ከወላጆቻቸውም ጋር የሚያገናኛቸው ቤት ነው ብለን እናምናለን።

ነገር ግን መፍትሔውን ከጅቡቲ ብቻ አንጠብቅ። ወደዚያ ከሚሄዱት ልጆች አንዳንዶቹ ትናንት በእኛ ክፍል ኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ያረፈደውን፣ የተደባደበውን፣ ደብተር የሌለውን ተማሪ «ወላጅህን ይዘህ ና» ብለን ስንመልሰው፣ ወላጅ የሌለው መሆኑን ጠይቀናልን? ስሙን ከመዝገብ ስንሰርዝ ወዴት እንደሚሄድ አስበናልን? «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ለአስቸጋሪ ልጅ የመጀመሪያው ማረሚያ የእኛው ክፍል ነው። ወጣት አንባቢዎቻችንም ከመካከላችሁ አንዱ ወንበሩን ባዶ ሲያደርግ ወዴት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ማካሬንኮ ገንዘቡን ያስያዘው ሌላው ሁሉ ሌባ የሚለውን ልጅ ነበር። እኛም ቢያንስ የክፍሉን ቍልፍ እናስይዘው።